የወሎዋ ጋ ምሳ

ፍኖተ ሰላም ካለፋችሁ ምሳችሁን እዚች ቤት ብሉ። ታፔላ የላትም። «የወሎዋ ጋ» ስትሉት ባለባጃጁ ያደርሳችኋል።

እንጀራው የዳጉሳ ነው። ከተማ ያደገ ሰው መልኩን አይቶ ሊያቅማማ ይችላል፣ ጠቆር ብሎ ወደ ቀይ ይወስደዋልና፤ ግን ለስላሳ ነው፣ ዓይኑም የወጣ፣ ደግሞ ሆድ ይይዛል፣ ገበሬ በልቶት እርሻ የሚውለው ለምን እንደሆነ እዚያው ማዕዱ ላይ ይገባችኋል። ሽሮው ሌላ ነገር ነው። ምዕራብ ጎጃም በርበሬ አይቸግረውም፣ ሴትዮዋ ግን የተፈጨ አትገዛም፤ ዛላውን መርጣ፣ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ ቅመሙን ራሷ መጥና ነው የምታስፈጨው። ጠላው ጌሾ በዝቶበታል። ለእኔ መረረኝ፣ አጠገቤ የነበሩት ግን ደገሙ።

እየበላን አንዱ «ወሎዬ ደግሞ ምን የጎጃም ምግብ ያውቃል?» ብሎ ጀመረ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ጎጃሜነቱ በአባቱ ነው። አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው «ልጄ፣ አንተ ዕድር የምትከፍለው የት ነው?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እኔም ከአባባ ጋር ነኝ። ሴትዮዋ አስተማሪ ባሏን ተከትላ መጥታ እዚሁ ወልዳለች፣ ሰንበቴ ትጠጣለች፣ ለቅሶ ቤት እንጀራ ይዛ ቀድማ የምትገኘው እሷ ናት ይላሉ ጎረቤቶቿ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? ጎጃም የቅኔ አገር የተባለችውስ የራሷን ልጅ ብቻ አስተምራ መች ሆነና፤ ስንቱ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከየአገሩ ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ ቤት ድረስ እየመጣ አይደል? ቅኔ ቆጥሮ ሲወጣ ቀድሞ የሚጠየቀው ከማን እንደተማረ ነው።

በተቃራኒው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ «የጎጃም ባህላዊ» ነኝ የሚል ቤት ገብቼ ነበር (ስሙ ይቅር)። ግድግዳው በአገልግልና በጭራ ተሞልቷል፣ አስተናጋጆቹ አረንጓዴ ቁምጣ ለብሰዋል። የዳጉሳ እንጀራ ስል ግን አስተናጋጁ ዳጉሳ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሂሳቡ ደግሞ አይነሳ።

የወሎዋ ቤትም እንከን አላት። እጅ መታጠቢያው ውሃ የለውም፣ በጆግ ነው የሚያስታጥቧችሁ። ወንበሮቹ ይወዛወዛሉ። አይብ ከፈለጋችሁ ረቡዕና ዓርብ አትሂዱ፣ ከሰባት ሰዓት በኋላም እንጀራው ያልቃል። በሞባይል አትቀበልም፣ ጥሬ ብር ያዙ።