አማዞን እና አባይ፦ ባሕር ሲገቡ ካርቦኑን ማን ይወስደዋል?

ካርቦኑን የመውሰዱን ሥራ የሚሠሩት በሁለቱም ወንዞች ደጃፍ ፋይቶፕላንክተኖች፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ እንደ ተክል ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። በዓይን አይታዩም። በፀሐይ ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ምግብ ይለውጣሉ። ሲሞቱ ካርቦኑ በከፊል አብሯቸው ይሰምጣል።

አማዞን ጉልበተኛ ነው። ከዓለም ወንዞች ወደ ውቅያኖስ ከሚገባው ውሃ አንድ አምስተኛ ገደማ የእሱ ነው። የሚገርመው ግን ትልቁ ሥራ አፉ ላይ አይደለም፤ እዚያ ደለሉ ብርሃን ያግዳል። ራቅ ብሎ ውሃው ሲጠራ ምግብ የሚሆናቸው ናይትሮጅን አልቋል፣ ፎስፈረስና ሲሊካ (መስታወት የሚሠራበት ማዕድን) ግን ተርፏል። በዚህ ጊዜ ዲያተሞች የተባሉት የፋይቶፕላንክተን ዓይነቶች ይነግሣሉ። ቅርፊታቸው ከሲሊካ የተሠራ ነው። አንዳንዶቹ በውሃው ውስጥ ከሟሟው የናይትሮጅን ጋዝ ምግብ የሚያዘጋጅላቸው ባክቴሪያ በውስጣቸው ይዘው ይኖራሉ፤ ብልጥ ሽርክና ነው! ቅርፊቱ ስለሚከብድ ቶሎ ይሰምጣሉ፣ ካርቦኑም አብሮ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ይህ ሂደት በሞቃታማው ሰሜን አትላንቲክ ካርቦን ወደ ጥልቁ እንደሚያወርድ አሳይቷል።

አባይም ድሮ እንዲህ ነበር፣ በመጠን ቢያንስም። ክረምት ላይ የኢትዮጵያን ደጋ አፈር ይዞ ሲሞላ፣ ሜዲትራኒያን ላይ ዲያተሞች ይፈሉ ነበር። ሰርዲኑም ያንን ተከትሎ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ጎርፉን ያዘው። በ1962 ወደ 18,000 ቶን የነበረው የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ከ1,000 ቶን በታች ወረደ።

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ዓሣው አንሰራርቷል። ምክንያቱ ግን በአብዛኛው የእርሻ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ነው። ይህ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሰጣል፤ ደለሉ ያመጣው የነበረውን ሲሊካ ግን አይተካም። ለካርቦን ከሆነ እኔ አማዞንን እመርጣለሁ።