የቴዜ ዝምታ፦ ለጨነቀው ሐበሻ ይሆናል?

ጀርመን የምትኖሩ ሰዎች፣ የሥራ ባልደረቦቻችሁ ስለ ቴዜ ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ፈረንሳይ አገር፣ ቡርጎኝ ውስጥ፣ ከክሉኒ ትንሽ ወደ ሰሜን ያለች መንደር ናት። ወንድም ሮዤ የሚባሉ የስዊዘርላንድ ሰው በ1940 መጥተው የመነኮሳት ማኅበር መሠረቱባት (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ዛሬ ከካቶሊክም ከፕሮቴስታንትም የመጡ ወንድሞች አብረው ይኖሩባታል፤ እንግዳም ይቀበላሉ፤ አብዛኛው ሰው ከእሑድ እስከ እሑድ ይቆያል። እኔ የሄድኩት በመከር ዕረፍት፣ አንድ የጀርመን ደብር ባዘጋጀው አውቶቡስ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ «ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚሉኝ ስለበዙ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የወሰደኝ ጭንቀት ነው። በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ እናቴ ጎንደር ናት። መስመር ሲቋረጥ ስልኬ ላይ ተጥጄ አድራለሁ፤ አንዱ «ተኩስ አለ» ይላል፣ ሌላው «አገር ሰላም ነው» ይላል፣ እኔ ሁለቱንም አምኜ ይነጋል። ውዳሴ ማርያም ልደግም ስቀመጥ አፌ ያነበንባል እንጂ ልቤ የለም። የንስሐ አባቴ «ልብሽን ሰብስቢ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንዴት እንደሚሰበሰብ ነበር የጠፋኝ።

ቴዜ በቀን ሦስት ጊዜ ደወል ይደወላል፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። ያኔ ሰሃን የሚያጥበውም፣ ሻይ የሚቀዳውም ሁሉን ትቶ ወደ እርቅ ቤተ ክርስቲያን ያመራል። ሕንፃውን የሠሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለእርቅ ምልክት እንዲሆን የመጡ ጀርመን ወጣቶች ሲሆኑ የተመረቀው በ1962 ነው። ከውጭ ሲያዩት አያምርም፤ ደረቅ ሲሚንቶ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ከፊት ለፊት ብርቱካናማ ጨርቅ ወደ ላይ ተወጥሯል፣ ሻማ በሻማ ነው፣ አብዛኛው ሰው ወለል ላይ ይቀመጣል። ነጭ የለበሱት ወንድሞች መሐል ላይ ረድፍ ይዘው ይንበረከካሉ። በር ላይ «ዝምታ» የሚል ጽሑፍ የያዙ ልጆች ቆመዋል።

ስብከት የለም። አንድ ሁለት መስመር ያላት መዝሙር እየተደጋገመች ትዘመራለች፣ አጭር ንባብ ይነበባል፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል። እስከ አሥር ደቂቃ ይሄዳል። ከዚያ እንደገና መዝሙር።

የጨነቀውን ሰው በባዶው «ዝም በል» ብትሉት ይብስበታል። እኔ ቤቴ ስሞክረው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ ነው የሚነሣብኝ። እዚያ ዝምታው የሚመጣው ሐሳብ በመዝሙር ከደከመ በኋላ ነው። ኪርዬ ኤሌይሶን ሲጀመር እኮ ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ መቁጠሪያ ይዤ አርባ አንድ ጊዜ ስለው ያደግሁት ኪርያላይሶን ነው! ልዩነቱ፣ እኔ አርባ አንዱን ስጨርስ ተነሥቼ ወደ ጉዳዬ እሄዳለሁ፤ እነሱ ሲጨርሱ ይቀመጣሉ። ቃሉ ካቆመ በኋላ ቀጣዩ ሐሳብ እስኪደርስ ትንሽ ክፍተት አለች። ሰው ያን ሁሉ መንገድ የሚሄደው ለእሷ ክፍተት ይመስለኛል።

መጀመሪያ ላይ ምንም አልመጣልኝም። የሰው ሳል እየሰማሁ ስለ ቤት ኪራይ አሰብኩ። ወደ ሳምንቱ አጋማሽ ግን፣ በቀትሩ ጸሎት፣ እናቴ ትዝ አለችኝና ሆዴ እንደ ወትሮው አልተቋጠረም። ማሰቡ አልቀረም፤ ስሟን ጠርቼ ለአምላክ ሰጠሁና ተቀመጥኩ። ከዚህ የበለጠ ነገር አላየሁም፤ ለእኔ ግን ብዙ ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ሜዲቴሽን ነው» ለሚሉኝ፦ አባ አርሳንዮስ በግብፅ በረሃ ዝምታን የያዙት ከቴዜ በፊት ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ቀድመው ነው፤ በእኛም ገዳማት በአርምሞ የሚኖሩ አባቶች አሉ። ደግሞ ቴዜዎች ራሳቸው በጣም የሚወዱት ሥዕል የቅብጥ ነው። ክርስቶስ በአንድ መነኩሴ ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ አብረው ቆመዋል፤ መነኩሴው አባ ሚናስ ይባላሉ። ከባዊት ገዳም የወጣ ነው፤ ዋናው አሁን ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ይገኛል። እኔ ፊቴን ወደ እሱ አድርጌ ነበር የምቀመጠው።

ለእኛ ሰው የሚከብዱ ነገሮች ደግሞ አሉ። ሰው ከነጫማው ይገባል! እኔ አውልቄ ገባሁ፣ ነጠላዬንም ለበስኩ፤ ማንም ምንም አላለኝም። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ይቀመጣል፤ በጸሎት መሐል ጋደም የሚልም አይቻለሁ፣ አክስቴ ብታይ ኖሮ ወጥታ ትሄድ ነበር። ቁርባን አልቀረብኩም። ለማይቆርቡ ሰዎች የተባረከ ዳቦ ለብቻው ይታደላል፣ እንደ ጸበል ጻድቅ ቆጥሬ ወሰድኩ። ቅዳሴ፣ ከበሮና ጽናጽል የናፈቃችሁ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ እሱ በየደብራችን አለ።

ምግቡ ቀላል ነው፤ የሚሰጣችሁ ማንኪያ ብቻ ነው፣ ሻዩ በጎድጓዳ ሳህን ነው። መኝታው የጋራ ነው፣ ሽንት ቤት ማጽዳትም ሊደርሳችሁ ይችላል። ክፍያው እንደ ዕድሜና እንደ መጣችሁበት አገር ይለያያል፤ አስቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው። ለወጣቶች ቅድሚያ ስለሚሰጡ በዕድሜ ከፍ ያላችሁ ቀድማችሁ ጻፉላቸው። በፈረንጆች በጋ ሺዎች ይጎርፋሉና፣ ለዝምታ ብላችሁ ከሆነ ሌላ ወቅት ምረጡ። ሕዝቡ ከበዛባችሁ የቅዱስ እስጢፋኖስ ምንጭ የሚሉት አትክልት ቦታ አለ፤ የጥንቷ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያንም አለች፣ ጠባብና ጨለም ያለች፣ እኔ ከትልቁ ይልቅ እሷን ወድጃታለሁ።

ወንድም ሮዤ የተቀበሩት እሷው አጠገብ ነው። በ2005 ነሐሴ ላይ፣ በ90 ዓመታቸው፣ በማታ ጸሎት መሐል ሕዝብ እያየ በስለት ተወግተው ነው የሞቱት። ይህን ያወቅሁት መቃብሩ ዘንድ ቆሜ ነው። በዚያው ዕለት ማታ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ስቀመጥ በሩ እንደ ሁልጊዜው ክፍት ነበር፣ ፈታሽም አላየሁም። ሰላም የሚገኘው ክፉ ነገር በማይደርስበት ቦታ ብቻ ነው ብዬ ስለማስብ ይሆን፣ ያን ማታ ብዙ አሰብኩ።

አሁን ቤቴ መጽሐፉን ደግሜ ስጨርስ ወዲያው አልነሣም። አንዳንድ ቀን ይሆንልኛል፣ አንዳንድ ቀን ስልኩ ያሸንፈኛል። እንቅልፍ ፈጽሞ እንቢ ያላችሁ ሰዎች ግን ሐኪምም ሂዱ፤ ጸሎቱ አይከለክላችሁም።

አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። አምስተኛዋን ያስቀረኋት በጫማው ምክንያት ነው። እናንተም እንደ እኔ ማውለቃችሁ ስለማይቀር ወፍራም ካልሲ ያዙ፤ ወለሉ በመከር ይቀዘቅዛል።