ያለ ተያዥ የሚቀጠርባት ቁርስ ቤት

ገርጂ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች ትንሽ ቁርስ ቤት ናት። ጨጨብሳዋ ቅቤው ሳይበዛ በርበሬው የደረሰ ነው። ፉሉ ግን ይበልጣል፤ በደንብ የበሰለ፣ ሽንኩርትና ቃሪያው ያኔውኑ የተከተፈ፣ ዳቦው ትኩስ። ማኪያቶው ወተት ይበዛበታል።

እኔን ደንበኛ ያደረገኝ መስተንግዶው ነው። አስተናጋጆቹ ገና ትምህርት የጨረሱ ልጆች ናቸው፤ ካሸሯ ጭምር! ልጅ ያስመረቀ ወላጅ ያውቀዋል፤ ማስታወቂያው «0 ዓመት ልምድ» ቢልም ገንዘብ የሚነካ ሥራ ከሆነ ተያዥ አምጪ ይባላል። ተያዡም ደመወዝተኛ ሆኖ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት። ከክፍለ ሀገር የመጣች፣ ዘመድ የሌላት ልጅ ማንን ታምጣ? የእኔም ልጅ ፈተናውን ያለፈችበት ሥራ በዚሁ ቀርቶባታል። የቤቱን ባለቤት ጠየቅኳት። «መታወቂያቸውን አያለሁ፤ መጀመሪያ ላይ አብሬያቸው ሒሳብ እቀበላለሁ፤ ከዚያ ቁልፉን እሰጣቸዋለሁ» አለችኝ። ሕጉ ለሙከራ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ ሰውን ለማወቅ በቂ ጊዜ ነው።

በቀደም አንዷ አስተናጋጅ ብርጭቆዎቹን ከነትሪው ለቀቀቻቸው። ቀና ብላ የቤቱን ባለቤት ስታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ሴትዮዋ መጥረጊያ ይዛ መጣችና «እጅሽን አልቆረጠሽም?» አለቻት፤ ስለ ሒሳብ ቃል አልወጣትም። ስንት ቤት ነው የተሰበረውን ወር ላይ ከደመወዝ የሚቆርጠው! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ የሰጠው ስምምነት ከሌለ ደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። ቢቆረጥም ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። አሠሪዎች ሁሉ ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

የታመነ ልጅ አነጋገሩ ያስታውቃል። «ማዘር፣ የዛሬው ጨጨብሳ ትንሽ ደርቋል፤ ፉል ይሻልዎታል» ያለኝ አስተናጋጅ አለ። ሌላ ቦታ ብጠይቅ «ሁሉም አሪፍ ነው» ነበር የምባለው። ሒሳቤ ላይ የሌላ ጠረጴዛ ጁስ ሲገባም እኔ ሳላየው ካሸሯ አይታ «ይቅርታ፣ የእኔ ስህተት ነው» ብላ አስተካከለችው። የቤቱ ባለቤት አጠገቧ ቆማ ነበር፤ ልጅቷ ግን አልደነገጠችም።

ቤቷ ጠባብ ስለሆነች እሁድ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ቲፑን መውጫው ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ጣሉት፤ ማታ ወጥ ቤት ያሉትም ጭምር እኩል ይካፈሉታል።