«እስከ 25 ቮልት» የምትባለዋን የቮልቴጅ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የሶላር ባትሪ መቆጣጠሪያ ለምትሠሩ፣ በተለይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለደረሰባችሁ ተማሪዎች፦ ይቺን ትንሽ ቦርድ በስሟ አትግዟት። ሴንሰር አይደለችም፤ 30 ኪሎ ኦምና 7.5 ኪሎ ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች ናት። የገባውን ቮልቴጅ ለ5 ታካፍላለች፣ በቃ። ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ የሚገታ ዜነር የላት፣ ፊውዝ የላት። «+» የተጻፈበት ፒን እንኳ ብዙ ጊዜ ከምንም ጋር አልተገናኘም።

25 የሚለው ቁጥር እውነት የሚሆነው በ5 ቮልት ለሚሠራ አርዱዪኖ (ቮልቴጁን የሚያነበው በኮድ የሚታዘዝ ቦርድ) ብቻ ነው። ሻጩ ሌላውን እንዲህ ያለ ቦርድ ጠርቶ «ለኢኤስፒ 32ም ይሆናል» ካላችሁ ግን ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩ። የኢኤስፒ 32 ፒን ከ3.3 ቮልት በላይ አይችልም፤ 3.3 በ5 ቢባዛ 16.5 ነው። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ፓኔል ጭነት ሳይኖርበት 21 ወይም 22 ቮልት ይሰጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይጨምራል (የደሴን ጠዋት ታውቁታላችሁ)። 22 ለ5 ሲካፈል 4.4፤ ፒኑን ተሰናበቱት። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ያሰረ ሰውም አርዱዪኖ አያድነውም፦ ቻርጅ ሲደረግ 28.8 ቮልት ይደርሳል፣ ፒኑ ላይ 5.76 ይገባል።

ጭስ የሌለው ጉዳት ይብሳል። አርዱዪኖ የሚለካው ራሱ ከሚሠራበት ቮልቴጅ ጋር እያነጻጸረ ነው። ኮዱ ያን 5.0 ቮልት ብሎ ያሰላል፤ በዩኤስቢ ገመድ የሚሠራ አርዱዪኖ ግን 4.7 ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ያን ጊዜ 12.64 ቮልት ያለው ባትሪ 13.45 ሆኖ ይነበባል፣ ቻርጅ ላይ ያለ ይመስላል። የአሲድ ባትሪ ከሙሉ እስከ ባዶ ያለው ልዩነት 1 ቮልት ገደማ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ንባብ ባትሪውን ያስጨርሳችኋል።

ይልቅ ሬዚስተሩን ነጥላችሁ ግዙ። ላዩ ላይ ያለው የመጨረሻው የቀለም ቀለበት ቡናማ ይሁን፣ ስህተቱ 1 በመቶ ነው፤ ወርቃማው 5 በመቶ ነው። ለኢኤስፒ 32፦ 100 ኪሎ ኦም ከላይ (በባትሪው «+» እና በፒኑ መካከል)፣ 10 ኪሎ ኦም ከታች (በፒኑና በ«−» መካከል)። ማካፈያው 11 ይሆናል፤ 25 ቮልት ቢገባ ፒኑ የሚያየው 2.27 ነው። ይህ ቺፕ ከ2.45 በላይ አስተካክሎ አያነብምና ልኩ ነው። ከ10 ኪሎ ኦሙ ጋር ጎን ለጎን 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ ፒኑ አጠገብ። ባትሪ ለመቆጠብ ብላችሁ 1 ሜጋ ኦም አታስገቡ፤ የቺፑ የውስጥ ካፓሲተር ሳይሞላ ያነብና ቁጥሩ ይዋልላል።

ለአርዱዪኖ ኡኖ በ5 ቮልቱ ፈንታ የሚነጻጸርበትን የውስጡን 1.1 ቮልት ማመሳከሪያ ተጠቀሙ፣ ከ100 እና ከ6.8 ኪሎ ኦም ጋር፤ እስከ 17 ቮልት ይለካል። 1.1 የተባለው ራሱ ከቺፕ ቺፕ ከ1.0 እስከ 1.2 ስለሚለያይ፣ ኤሬፍ (AREF) የተጻፈበት ፒን ላይ በቴስተር ለክታችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር ኮዱ ላይ ጻፉ።

ቦርዷን ግድ የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ቴስተር አስመጡ። በሁለቱ የብሎን መግቢያዎች መካከል 37.5 ኪሎ ኦም፣ በ«ኤስ» ፒንና በ«−» መካከል 7.5 ካልመጣ መልሱለት። 220 ላይ ግን ማንም እንዳይሰካት።