ባለ 32 ኢንች ርካሽ ሞኒተር ከአሥር ወር በኋላ፦ የፈለግሁት ቦታ ነበር፣ ያገኘሁት ርቀት ነው

ሥራዬ ጽሑፍ ማረም ነው። በቀን ሰባትና ስምንት ሰዓት ዓይኔ ከፊደል አይነሣም። በግራ ዋናውን ረቂቅ፣ በቀኝ የታረመውን ከፍቼ መስመር በመስመር አስተያያለሁ። ለዓመታት የሠራሁበት ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ለዚህ ሥራ ጠበበኝ፤ ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ፊደሉ ይደቅቃል፣ ፊደሉን ሳሳድገው ደግሞ የመስመሩ መጨረሻ ከመስኮቱ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ባለ 32 ኢንች ሞኒተር፣ እኩዮቹ በሚሸጡበት ዋጋ በግማሽ ገደማ ሳገኝ ወዲያው ገዛሁት። አሁን አሥረኛ ወሩን ይዟል፤ በየቀኑ ሠርቼበታለሁ።

ስህተቴን ያወቅሁት በመጀመሪያው ቀን ነው። ሁለቱን ሰነዶች እንደ ወትሮው ከፍቼ መስመሮቹን ስቆጥር በአሮጌው ሞኒተር ከማያቸው አንድም አልበለጡም። ሁሉም ነገር ያው ነበር፤ ተለቅ ብሎ ብቻ ነው የመጣው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አዲሱም አሮጌውም 1920 በ1080 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ያሏቸው ናቸው። የአሮጌው ስፋት 53 በ30 ሴንቲሜትር፣ የአዲሱ 71 በ40 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ በቆዳ ስፋት አዲሱ 1.78 እጥፍ ይሆናል። በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ የተዘረጉት ግን እነዚያው ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ናቸው። በስክሪን ላይ ቦታ የሚሰጠው የፒክስል ብዛት እንጂ ኢንች አይደለም። ይህን በጽሑፍ አንብቤው አውቃለሁ፤ ሞኒተሩን ስገዛ ግን የካርቶኑ ትልቅነት አስረሳኝ።

ቦታ የሚፈልግ ሰው በዚሁ መጠን 2560 በ1440 የሆነውን መግዛት አለበት። ያኛው 3.7 ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ፒክስል ስለሚይዝም የፊደሉ ጥራት ከባለ 24 ኢንቹ ጋር እኩል ሆኖ በእርግጥ ተጨማሪ መስመሮች ይገኙበታል። የእኔው በአንድ ኢንች 69 ፒክስል ብቻ ነው ያለው።

ይህ ቁጥር በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም የሞኒተር ግምገማዎች ሲጻፉ የሚታሰቡት የላቲን ፊደላት ናቸው። የእኛ ፊደላት ልዩነታቸውን የሚሸከሙት በጥቃቅን ምልክቶች ላይ ነው። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለች ቀጭን ሰረዝ ነው። ሳልስና ኃምስ ደግሞ የባሱ ናቸው፤ ሲ እግሯ ላይ አጭር ጭረት አላት፣ ሴ ትንሽ ቀለበት። አንድ ፒክስል 0.37 ሚሊሜትር በሆነበት ስክሪን ላይ፣ ፊደሉ ትንሽ ሲሆን፣ ያች ቀለበት መሐሏ ይደፈንና ጭረት ትመስላለች። በመጀመሪያው ወር «ሴቶች» መባል የነበረበት «ሲቶች» ተብሎ ሦስት ቦታ አልፎኝ፣ ያገኘሁት በወረቀት ካሳተምሁት በኋላ ነው። ለሚያርም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ የፊደሉን መጠን ሳላሳድግ የመጨረሻውን ንባብ በዚህ ስክሪን ላይ አልጨርስም፤ ካሳደግሁት በኋላ ደግሞ የፈለግሁት ቦታ ጭራሽ ይቀንሳል።

ታዲያ ለምን አልመለስሁትም? ስላራቅሁት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጠረጴዛውን አዙሬ ሞኒተሩን ወደ ኋላ ገፋሁትና ከዓይኔ እስከ ስክሪኑ በሜትር ስለካ 90 ሴንቲሜትር ሆነ። ነገሩ ሁሉ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጤነኛ ዓይን ነጠላ ነጥቦችን መለየት የሚችለው በግምት እስከ የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ድረስ ነው። በዚህ ስሌት የእኔ ሞኒተር ፒክስሎች ፈጽሞ የማይለዩት ከ1.27 ሜትር ጀምሮ ነው፤ በ90 ሴንቲሜትር ላይ ገና ይታወቃሉ፣ ነገር ግን ባለ 24 ኢንቹን በ67 ሴንቲሜትር ርቀት ከማየት ምንም ልዩነት የለውም። ፊደሉ በዓይን ውስጥ የሚይዘው ስፋትም፣ የፒክስሉ መጠንም አንድ ይሆናል። የሚለየው ዓይን የሚያተኩርበት ርቀት ብቻ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ትልቁ ነገር ይኸው ሆኖ ተገኘ።

ሰው ከአርባ ዓመቱ በኋላ የዓይኑ ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርብ ነገር ላይ ማተኮር ያቅተዋል። ዕቃው 60 ሴንቲሜትር ላይ ሲሆን ዓይን ለማተኮር 1.7 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው) ያህል ኃይል ይፈልጋል፤ 90 ሴንቲሜትር ላይ 1.1 ይበቃዋል። በወረቀት ላይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል። በእኔ ዓይን ላይ ግን መነጽር በማድረግና ባለማድረግ መካከል ያለውን ድንበር የሚያሻግር ሆነ። አሁን መነጽሬን የማደርገው ወረቀት ሳነብ ብቻ ነው። በመነጽሬ የታችኛው ክፍል ለማየት ስል አገጬን ወደ ላይ ቀና አድርጌ የምውልበትና ማታ ማጅራቴን የማሽበት ጊዜ አልፏል። ከገዛሁት ዕቃ ይህን አልጠበቅሁም ነበር፤ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ግን ይህ ነው።

ሞኒተሩ ከካርቶኑ ሲወጣ በነበረበት ሁኔታ ቢሆን ኖሮ ግን እስከ ሦስተኛው ሳምንትም ባልታገሥሁት። ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ ሰማያዊ፣ የፊደሉ ዳር ዳር ደግሞ በነጭ ጥላ የተከበበ ነበር። ፓነሉ፣ ምስሉን የሚያሳየው ክፍል፣ ራሱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ሦስቱም ከአሠራር ቅንብር የመጡ ናቸው። በኤችዲኤምአይ ኬብል የተገናኘ ኮምፒውተር አንዳንድ ጊዜ ሞኒተሩን ቴሌቪዥን ነው ብሎ ስለሚወስደው ቀለሙን ከ0 (ሙሉ ጥቁር) እስከ 255 (ሙሉ ነጭ) ሳይሆን ከ16 እስከ 235 ብቻ አድርጎ ይልካል፤ ጥቁሩ የሚገረጣው ለዚህ ነው። በኮምፒውተሩ የስክሪን ካርድ ቅንብር ውስጥ ሙሉውን መጠን መምረጥ በቂ ነው። በፊደል ዙሪያ ያለው ነጭ ጥላ የሚመጣው ፋብሪካው ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ከተወው የ«ሻርፕነስ» (የምስሉን ዳር አጉልቶ የሚያሳይ ቅንብር) ቁጥር ነው፤ ጥላው እስኪጠፋ ድረስ ዝቅ አደረግሁት። ብርሃኑም 100 ላይ ነበር፣ ወደ 30 አወረድሁት፤ ነጩ ሰማያዊ እንዳይመስል ቀለሙን 6500 ኬልቪን ላይ አደረግሁት። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ፓነሉ ቪኤ የሚባለው ዓይነት ነው። በርካሽ ትልልቅ ሞኒተሮች ላይ የሚበዛው እርሱ ነው፤ ጥቁርን በማጥቆር አይፒኤስ ከሚባለው ሌላው የተለመደ ዓይነት በእጅጉ ይበልጣል፣ የብርሃንና የጨለማው ንፅፅር ብዙውን ጊዜ 3000 ለ1 ሲሆን የአይፒኤስ 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ማታ ፊልም ሳይ ይህ ያስደስተኛል። ድክመቱ ከጎን ሲታይ መገርጣቱ ነው። ሰፊ ስክሪን አጠገብ የተቀመጠ ሰው መሐሉ ፊት ለፊት ቢሆንም እንኳ ጠርዙን የሚያየው ከጎን ነው፤ በ60 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ወደ ግራና ቀኙ ጠርዝ ያለው ማዕዘን 30 ዲግሪ ይደርሳል፣ በ90 ላይ ወደ 21 ይወርዳል። ስለዚህ ስክሪኑን ማራቁ ለዚህም ሳይቀር ጠቀመኝ። ያልተፈታልኝ ግን ጥቁር ዳራ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ገጹን ሳንቀሳቅሰው ፊደሎቹ ከኋላቸው ጥላ እየጎተቱ ያልፋሉ፤ የቪኤ ፒክስል ከጥቁር ወደ ግራጫ ለመለወጥ ስለሚዘገይ ነው። በነጭ ዳራ መሥራት ግድ ሆኖብኛል።

ማቆሚያው ደካማ ነው። ከፍና ዝቅ አይልም፣ ጠረጴዛው ሲነካ ይወዛወዛል፣ ሁለቱ እግሮቹም እጅግ ተራርቀው ቦታ ይፈጃሉ። ከኋላው 100 በ100 ሚሊሜትር የሆኑ የቬሳ ቀዳዳዎች (የግድግዳ መስቀያ የሚታሰርባቸው) ስላሉት በአራተኛው ወር ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ስትገዙ እነዚህን ቀዳዳዎች እዩ፤ ቀዳዳ የሌለው ርካሽ ሞኒተር ከዚያ ማቆሚያ ጋር ይኖራል። በታችኛው ቀኝ ማዕዘን አንድ አረንጓዴ ሆኖ የቀረ ፒክስል አለ፤ በዋስትናው ጽሑፍ መሠረት አንድ ፒክስል ለመቀየር አያበቃም። ይህን አስቀድሜ አንብቤ ቢሆን መመለስ በሚቻልባቸው የመጀመሪያ ቀናት ውስጥ ስክሪኑን በነጭ፣ በጥቁርና በሦስቱ ቀለማት ሞልቼ እፈትሸው ነበር።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ መጥቶ ልግዛው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ወንበሬ ላይ አስቀመጥሁት። ገና 20ዎቹ ውስጥ ስለሆነ ልማዱ ወደ ስክሪን ተጠግቶ መሥራት ነው፤ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ግማሽ ሜትር ላይ ደረሰና «ፊደሉ ጥርስ ጥርስ አለው» አለ። እውነቱን ነው። የእርሱ ጠረጴዛ ግድግዳ የተጠጋና ጠባብ ነው፤ ከዓይኑ እስከ ግድግዳው ለክቶ 65 ሴንቲሜትር ብሎ ነገረኝ። በዚያ ርቀት ይህ ሞኒተር ለእርሱ ብክነት ነው፤ ባለ 27 ኢንች ሆኖ 2560 በ1440 የሆነውን፣ በኢንች 109 ፒክስል ያለውን ግዛ አልሁት፤ ገዛውም።

የእኔው ነገ ቢበላሽ ደግሞ እንደገና 32 ኢንች ነው የምገዛው፤ ልዩነቱን ከፍዬ ግን 2560 በ1440ውን፣ ይዤም እዚያው ግድግዳ ላይ፣ በዚያው 90 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ እሰቅለዋለሁ። ለልዩነቱ የሚከፈል ገንዘብ የሌለው፣ ዓይኑ ግን መራቅ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ስክሪኑን 80 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሚያርቅበት ቦታ እስካለው ድረስ ርካሹን ይግዛ እላለሁ። ቦታ ፈልጎ የሚገዛው ግን አይግዛው።