ደብረ ማርቆስ ላይ ሞተሪኖ የሚገባው ባለሙያ

ጎጃም ውስጥ የድሮ ስፖርት መኪና የምትነዱ ካላችሁ፣ ደብረ ማርቆስ በአዲስ አበባ መውጫ በኩል ያለችውን ትንሽዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት ሞክሯት። ታፔላ እንኳ የላትም፣ ጠይቃችሁ ነው የምታገኟት።

ቶዮታ ሴሊካዬ ጠዋት በዚያ ብርድ አንዴ ቁልፍ ሲዞርላት ትነሳለች። ከጎሐ ጽዮን የአባይን በረሃ ወርዳ ደጀን ከወጣች በኋላ ካጠፋኋት ግን "ጠቅ" ብላ ዝም ነው። ሌላ ጋራዥ ሳይለካ አዲስ ባትሪ አስገዛኝ። ለውጥ የለም።

ይሄኛው ሰውዬ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት መኪናዋ እስክትግል አስነዳኝና ቴስተር አወጣ። ባትሪው ቆሞ 12.6 ቮልት፣ ቁልፍ ሲዞርም ብዙ አልወረደም፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው። ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦም 12 ቮልት ያደርሳል። በወፍራሙ ገመድ ወደ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ) የሚገባው ኤሌክትሪክ ግን በመገናኛው በሌላኛው ጫፍ አይወጣም! ፈታው፣ ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተዋል። እነሱን ብቻ ቀየረ፣ ሙሉ ሞተሪኖ አላስገዛኝም። የሴሊካ ምርት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለቆመ ዕቃዋ እንደ ልብ አይገኝም፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀርፋፋ ነው፣ ወሬ ይወዳል፣ ስልክም አያነሳም። በጠዋት ሂዱ። ካርቡራተር ግን አይነካም፣ ችግራችሁ ነዳጅ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።