የሚነፋ ፍራሽ ወይስ የስፖንጅ ምንጣፍ? ለካምፕና ለረጅም የእግር ጉዞ

ክብደታቸው ብዙ አይራራቅም፤ ሁለቱም ከ500 ግራም በታች ይገኛሉ። የሚነፋው ግን አየሩ ሲወጣ የውሃ ኮዳ ያክላል፤ ስፖንጁ ስለማይታመቅ ከቦርሳ ውጭ ይታሰራል። ዋጋው ግን በጣም ይረክሳል።

ምቾት፦ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚወፍረው የሚነፋ ፍራሽ በጎናቸው ለሚተኙ ያለጥርጥር ይሻላል። 2 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ላይ ዳሌ መሬቱን ያገኘዋል።

ሙቀት፦ ብርድ የሚገባው ከመሬት ነው፤ መከላከያው በአር ቫልዩ (R-value) ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ከብርዱ ይበልጥ ይከላከላል። ስፖንጅ 2 ገደማ ነው። የሚነፋው እንደ አሠራሩ ከ1 እስከ 7 ይለያያል፤ ስለዚህ በውፍረቱ አይታለሉ፣ ቁጥሩን ያንብቡ። ውስጡ መከላከያ የሌለው ወፍራም ፍራሽ ሌሊቱን ሙሉ ያንቀጠቅጣል።

አደጋ፦ ስፖንጅ ቢቀደድም ያገለግላል፤ የሚነፋውን አንዲት እሾህ ትጥለዋለች። ሌሊት ትንሽ ቢላላ አይደንግጡ፤ አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። አየሩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ግን ተበስቷል። የሳሙና ውሃ ቀብተው አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጉ፣ ያድርቁ፣ በአልኮል ጠርገው ይለጥፉ።

እሾሃማ ቦታ፣ ወይም በየመንገዱ አረፍ ለሚል ሰው፦ ስፖንጅ። ለብዙ ሌሊትና ለጠባብ ቦርሳ፦ የሚነፋው። በረዶ ላይ ስፖንጁን ከሥር አድርገው ይደርቧቸው፤ አር ቫልዩዎቻቸው ይደመራሉ።